ጽዋችን ቀበሌ የታሰረ ጊዜ

በደሉ ይህ ነው፤ ከሁሉ በፊት ይመዝገብልኝ። እግዚአብሔር የለም ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው የማርያም ማኅበራችንን ጽዋ ከእጃችን ወስዶ ቀበሌ አሰረው። የወሰደውም ተራው የታመሙት አሮጊት ጎረቤቴ በነበረበት ወር ነው። እሳቸው ደግሞ ሌላ ተራ እስኪደርሳቸው የሚቆዩ ሰው አልነበሩም። ይህን እሳቸውም እኛም ሐኪሙም እናውቅ ነበር።

የዚያ ዘመን በደል ብዙ ነው። ትልልቁን ትልልቅ ሰዎች ጽፈውታል፤ ወደፊትም ይጽፉታል። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ የሸክላ ዕቃ ነው። «ይህ ደግሞ በደል ሆኖ!» የሚል አንባቢ ካለ ዘግቶ ወደ ትልልቁ ይሂድ፤ አልቀየመውም።

ጥያቄዬም አንድ ብቻ ነበር። የለም ካልክ፣ የሌለው ምን አደረገህ? እኔ ሰፈራችን ውስጥ ጅብ የለም ብዬ ካመንኩ በሬን ከፍቼ እተኛለሁ እንጂ ጅብ አለ የሚለውን ጎረቤቴን በር ልስበር አልልም። ይህን ጥያቄ ይዤ ቀበሌ ስመላለስ ከረምኩ። አሁን ከልጄ ጋር ለቡ ነው የምኖረው። የልጅ ልጄ በቀደም ከዩኒቨርሲቲ መጥታ «አያቴ፣ እኔ እንኳ አላምንም» አለችኝ። «መብትሽ ነው፤ ሳህኖቹን እጠቢ» አልኳት። እንደዚያም ሆኖ ማዕድ ስንባርክ አየኋት፤ ፊቷን አጨማደደች። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ንፋስ ስልክ፣ ከአርባ ዓመት በፊት፣ መነጽር አድርጎ አይቼዋለሁ።

ያኔ ንፋስ ስልክ የከተማው ጫፍ ነበር። ከእኛ ሰፈር ቁልቁል ወደ ላፍቶ ሲወረድ ገብስና ጤፍ እንጂ ፎቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ፋብሪካ ይሠራል፤ እኔ ከላፍቶ ገበሬዎች ጎመንና ድንች ተረክቤ ደጃፌ ላይ እቸረችራለሁ። ከጎኔ ቅቤና በርበሬ የምትሸጥ፣ ከወደ ስልጤ የመጣች ሙስሊም ጎረቤቴ ትቀመጣለች። ከጀርባዬ የአሮጊቷ ግቢ ነው። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላቸው ስለነበር እኔም እዚህ እትዬ እላቸዋለሁ።

ሰውየው የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ኃላፊ ነበር። ቀጭን፣ ሸሚዙን በየቀኑ የሚያጥብ፣ አንድ ነገር ሲያስረዳ አውራ ጣቱን ወደ ላይ የሚያቆም ወጣት። ጓድ ነበር የምንለው። የመጣው ከአስተማሪነት ነው፤ መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ሀ ሁ ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እኔም በዳይ እሆናለሁ። ጎበዝ አስተማሪ ነበር። እጄ እርሳስ መያዝ ሲያቅተው አይቆጣም፤ የራሱን እርሳስ ቀርጾ ይሰጠኛል። ማንበብ የቻልኩ ቀን በደስታ ሮጬ ቤቴ ገባሁና እናቴ ትታልኝ የሞተችውን የጸሎት መጽሐፍ ከሣጥን አውጥቼ አነበብኩ። በማግሥቱ ይህን ብነግረው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ሆነ።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ፣ ጓዲት?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ፊደሉ ያው ነው እኮ።»

ያን ቀን ነው መጀመሪያ የጠረጠርኩት። ሰውየው አላምንም ቢልም ነገሩ አለማመን ብቻ አልነበረም። ያናደደው ነገር አለ።

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ አማርኛው ነው። ምስኪን፣ ሌላ ቋንቋ ቢያገኝ ይሻለው ነበር። ጠዋት ሲያልፍ «እንደምን አደራችሁ?» ይለናል፤ ሰላምታ አይነሳም፣ ጨዋ ልጅ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ፊቱ ይጠቁራል። ውሎ አድሮ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «እኔ የጠየቅኩት እናንተን ነው። ደህና ከሆናችሁ ደህና ነኝ በሉ። ሦስተኛ ወገን አታስገቡብን» አለ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቅቤ ሻጯ ጎረቤቴ እንዴት አደርሽ ስላት ግራ ቀኟን አይታ «አብዮቱ ይመስገን» ትለኝ ጀመር።

«አላህንስ?»

«እሱን በሆዴ አመስግኛለሁ፤ በአፌ ነው የተከለከልኩት።»

«እኔ እኮ የሚጠላው የእኛን ብቻ ነው መስሎኝ!»

«አይዞሽ እህቴ፣ አያዳላም።»

አላዳላም። ይህም ይመዝገብለት።

ለማኝ መንገድ ላይ «ስለ ማርያም» ሲለው ቆሞ ይከራከረዋል። «ለምን ስለ ማርያም ትላለህ? የተራብከው አንተ ነህ፤ ስለ ራስህ ጠይቅ።» ለማኙ ግራ ይገባዋል። ጓድ ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠዋል። ከእኛ አማኞቹ የበለጠ ነበር የሚሰጠው፤ ዓይኔ አይቷል። ለማኙ የተሰጠውን ይዞ አንጋጦ «ተመስገን!» ሲል ግን ጓድ የሰጠውን መልሶ ሊቀማው ምንም አይቀረው።

ይህ ሰው ከንፋስ ስልክ ቤቶች ሁሉ የት ቢገባ ጥሩ ነው? እትዬ ግቢ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ለኪራይ የሠሯቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ እትዬ የሚኖሩት በእነሱ ገቢ ነው። አዋጁ ሲወጣ ትርፍ ቤት ተብለው ተወረሱ። አዋጁን ያወጣው ጓድ አይደለም። ግን ግቢው ድረስ መጥቶ የተረከበው፣ በኋላም አንዱን ክፍል ከቀበሌ ተከራይቶ የገባው እሱ ነው። ሰፈሩ እትዬ ሲጮሁ ሊሰማ ጠበቀ። እትዬ አልጮሁም። ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው «ለእሱ ሰጥቼዋለሁ» አሉ፤ ገብተውም ምስራቸውን ለቀሙ።

በእኛ አገር ይህ የነገር ሁሉ መጨረሻ ነው። ሰው ለእሱ ከተሰጠ በኋላ ክርክር የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ይግባኝ የለም። ጉዳዩ ወደ ላይ ሄዷል። እኔ ግን ይህን ነገር ድሮም አልወደውም። አምናለሁ፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ሥራ ያነሰው አይመስለኝም። እኔው በእግሬ ሄጄ ልጠይቀው የምችለውን ሰው ለእሱ አልሰጥም። «እትዬ፣ ቢያንስ አንዱን ክፍል ለእህል ማስቀመጫ ይተዉልኝ ብለው ይጠይቁት» ብላቸው «ተይው ልጄ፣ እሱ ያያል» አሉኝ። እሱ ያያል። ጓድ ደግሞ በየቀኑ ጠዋት በእሳቸው ደጃፍ ነው የሚወጣው።

ሳላቸው ሲጠናባቸው ከቦኖ ውሃ የሚቀዳላቸው አጡ። እኔ የቻልኩ ቀን እቀዳለሁ። አንድ ቀን ባልዲዬን ይዤ ስገባ ጓድ ቀድሞኝ እንስራቸውን እየሞላ ነው።

እትዬ ከአልጋቸው ሆነው «ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን!» ይላሉ።

«እማማ፣ ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አዎ ልጄ። እሱ ልኮህ ነው።»

«ማንም አልላከኝም። በራሴ ነው የመጣሁት።»

«እሱ እንዲህ ነው እኮ፤ የሚላከው ሰው ሳያውቅ ነው የሚልከው።»

ጓድ ባልዲውን አስቀምጦ ወጣ። ያጋጨው በር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በማግሥቱ ግን እንደገና ቀዳላቸው።

አሁን ወደ ጽዋው። ማኅበር ለማያውቅ ወጣት ልንገረው። ማኅበርተኛው በየወሩ በማርያም ቀን በአንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ቄስ ይባርካል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል። ጽዋው ክዳን ያለው፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነው። ማኅበሩ ሲያበቃ የወሩ ደጋሽ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክበዋል፤ ተረኛው በእልልታ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ጽዋው ያለበት ቤት ወሩን ሙሉ እንግዳ እንዳለበት ቤት ነው፤ ጠብ የለበትም። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ የላፍቶ ገበሬ ነበሩ፤ በበቅሎ ነው የሚመጡት።

ያን ወር ደጋሿ እኔ ነበርኩ፤ ተረኛዋ እትዬ። መራመድ ስላልቻሉ ጽዋውን እስከ ግቢያቸው ልናደርስላቸው እልል እያልን ወጣን። ማዶ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ የጓድ ውይይት ሊጀመር ነበር። ተሰብሳቢ አልመጣለትም። በስኳር ራሽን እያስፈራሩ ነው ሰው የሚሰበስቡት፤ ያን ሰሞን ደግሞ ስኳርም አልነበረም። በእኛ በኩል ግማሽ ሰፈር ያለ ጥሪ ወጥቶ እልል ይላል። ጓድ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሲያየን አየሁት። ከዚያ ከአብዮት ጥበቃው ጋር ወደ እኛ መጣ።

«ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?»

አንዲት ማኅበርተኛ ደንግጣ «ሙሴን ጠይቁ፣ እኛ አናውቅም» አለች።

«ሙሴ ማን ነው? የት ነው ያለው? ከየት ነው ትእዛዝ የሚቀበለው?»

ጥበቃው ጠመንጃውን አስተካከለ። በየወሩ ቤት እየቀያየረ የሚሰበሰብ፣ የቀረ የሚቀጣበት፣ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀባብል፣ አለቃው በሌላ ስም የሚጠራ ድርጅት! እውነት ለመናገር እንዲህ ሲሉት እኔንም አስፈራኝ። ሙሴአችን ከኋላ በበቅሏቸው ላይ ሆነው «አቤት» አሉ፤ ጠላው ሞቅ አድርጓቸዋል። ጓድ አያቸው፣ በቅሎዋን አያት። አመራሩ ይህ መሆኑን ሲያውቅ ይለቀናል ብዬ ነበር። አልለቀቀንም። እኛ በእሱ ስለሳቅን ይመስለኛል። ጽዋውን ከእጄ ወሰደ።

«ይህ ማስረጃ ነው» አለ።

«የምን ማስረጃ?»

«የኋላ ቀርነት።»

በዚያ ወር ውስጥ ቀበሌ የሄድኩበት መንገድ ጫማዬን ጨርሶታል። መጀመሪያ ቀን ጓድ አስቀምጦ ንግግር አደረገልኝ። ሃይማኖት ጭቁኑን ያደነዝዛል፣ በሰማይ ዳቦ ስም የምድሩን ዳቦ ያስቀማል፣ ወዘተ። አዳመጥኩ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ አንዳንዱ እውነትም አለው፤ ቄሳችን ከድግስ ድግስ ሲሄዱ የምድሩን ዳቦ ችላ ብለውት አያውቁም። ሲጨርስ «እሺ። ጽዋውስ?» አልኩት። «ገና አልገባሽም» አለኝ። «ገብቶኛል፤ እኔ የጠየቅኩት ግን ማሰሮ ነው» አልኩት።

በሌላ ቀን ሊቀመንበሩ ጋ ገባሁ። እሱ ማተቡን በካኪ ኮሌታው ሸፍኖ የሚሄድ ሰው ነው፤ ሲጎነበስ ክሩ ይታያል። «እህቴ፣ እኔ የለሁበትም፤ የርዕዮተ ዓለም ጉዳይ የጓድ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ጓድ ጋ ስመለስ «የንብረት ጉዳይ የሊቀመንበሩ ነው» አለኝ። ጽዋችን በሁለቱ መካከል ሰማይም ምድርም አልሆነለት። በመስኮት አጮልቄ አየሁት፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ነጩን ጨርቅ ገፈው ከአብዮት በዓል የተረፈ ቀይ ቡቱቶ አልብሰውታል። አጥምቀውታል ማለት ነው።

ማኅበርተኞቹን ሰብስቤ አብረን እንሂድ አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ለእሱ እንስጠው።» ጭራሽ አንዷ «ያ ከሃዲ ግቢያቸው ስለገባ ነው እትዬ የታመሙት» አለች። «ሳሉ ከእሱ አንድ ክረምት ቀድሞ ነው የገባው፤ ለማርያም ብለሽ አትዋሺ፣ እሷ ውሸት አላዘዘችሽም» ብላት ለአንድ ወር አኮረፈችኝ። ሙሴአችን ደግሞ ሌላ ማሰሮ እንግዛ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሸክላ ነው፤ ይገዛል። ይህን ለእትዬ ይዤላቸው ሄድኩ።

እትዬ ያን ጊዜ ትራስ ተደግፈው ካልሆነ መቀመጥ አይችሉም። ጌሾ ግን አስገዝተው፣ ብቅሉን በአልጋቸው ሥር አስቀምጠው ነበር።

«ያኛው ወደ እኔ ሲመጣ መንገድ ላይ የቀረ ነው» አሉኝ። «እናቴ የተቀበለችው እሱን ነው፤ እኔም ሙሽራ ሆኜ የተቀበልኩት እሱን ነው። ሌላ ብታመጪልኝ እንግዳዬን አስረው ሌላ ሰው እንደላኩልኝ ነው። እጠብቀዋለሁ።»

«እትዬ፣ መጠበቁን ቢጠብቁ…» ብዬ አቋረጥኩ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ብዙ የለኝም። ስለዚህ ቶሎ በይ።»

ለእሱ የሚሰጡት ሴት እኔን ቶሎ በይ አሉኝ። እንግዲህ ምን እላለሁ?

የነዋሪው ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ በሚገባበት ሰዓት ነው፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚጠሩት፤ በአጋጣሚ ነው ይላሉ። ጓድ መድረክ ላይ ሆኖ ስለ ሳይንስ ተናገረ። አዳራሹ ገና ተጠርጎ አቧራው አልሰከነም ነበር። ሰው በተፈጥሮ ላይ ስላገኘው ድል የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ከፍ አድርጎ፣ አውራ ጣቱን አቁሞ፣ ሊጨርስ ሲል አስነጠሰው።

«ይማርህ!» አለ አዳራሹ ባንድ ድምፅ። ሊቀመንበሩም ብሏል። በሩ ላይ ያለው ጥበቃም ብሏል። ቅቤ ሻጯ ጎረቤቴ ከሁሉ ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ሆን ብላ ነው።

ጓድ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ለእሱ ያዘንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን እጄን ከማውጣት አላገደኝም።

«ጓድ ኃላፊ፣ ጥያቄ አለኝ። እግዚአብሔር የለም አሉን። ይሁን። የለም ካሉ፣ የሌለው ምን አደረገዎት? እኛ የሌለውን ብናመሰግን፣ ለሌለው ጠላ ብንጠምቅ፣ ከእርስዎ ምን ጎደለ? ጠላው እንደሆነ አለ፤ ቢመጡ ይጠጣሉ።»

ሳቅ ሆነ። ጓድ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ «ጥያቄሽ ተመዝግቧል» አለ። በዚያ ዘመን ስንት ጥያቄ ነበር የተመዘገበ!

የማርያም ቀን ሲቃረብ ደግሜ ቀበሌ ሄድኩ። ቁም ሣጥኑ ላይ ጽዋው የለም። ጥበቃው ጎኑን እያከከ «ውሃ ብጠጣበት ጊዜ ጓድ ተቆጥቶኝ ወደ ቤቱ ወሰደው» አለኝ።

በቀጥታ እትዬ ግቢ ሄድኩ። ጓድ በሩ ላይ ሸሚዝ ያጥባል፤ እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ነው።

«ማስረጃው የት አለ?»

በአገጩ ወደ ውስጥ አመለከተኝ። ገባሁ። ጽዋው መደርደሪያ ላይ፣ በመጻሕፍቱ መካከል ነው። ቀዩ ቡቱቶ የለም። ነጩ ጨርቅ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ አጠገቡ ተቀምጧል። ማጠቡ ያስታውቃል፤ የመስቀሉን ጥልፍ ትንሽ አደብዝዞታል።

«ዘበኛው ቢጠጣበት ምን ገደደህ? ማሰሮ አይደለም እንዴ?»

«የሰው ዕቃ ነው» አለ።

«ይኸውልህ! እኔ ይህን ለመንገር ነው አንድ ወር የተመላለስኩት።»

እጁን በሱሪው ጠረገና ጽዋውን አነሣ። «ለእማማ ስል ነው» አለ። «እልልታ የለም። መንገድ ላይ መውጣት የለም። ያቺም በቅሎ እዚህ አትምጣ።» ከዚያ ለእኔ መስጠቱን ትቶ ራሱ ግቢውን አቋርጦ ወደ እትዬ ይዞት ገባ። በሁለት እጁ ነበር የያዘው፤ ማን እንዳስተማረው እንጃ። አልጋቸው ዘንድ ጎንበስ ብሎ በእጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

እትዬ ክዳኑን ሳሙት። ጨርቁን ሳሙት። ቀና ብለው በጓድ ራስ ላይ አሻግረው ጣሪያውን እያዩ «ተመስገን! አላልኩሽም? ለእሱ ሰጥቼው ነበር፤ ይኸው መለሰልኝ!» አሉኝ።

እኔ ጓድን አየሁት። ጓድ የራሱን እጅ እያየ ነበር፤ አረፋው ገና አልደረቀም።

ማኅበሩ በማርያም ቀን በእትዬ ቤት ወጣ። እልልታ በሹክሹክታ ይባላል ወይ? ያን ቀን ተብሏል። ሙሴአችን በእግራቸው መጡ። እትዬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሙሽራ አስተናገዱን። ቄሱ ከባረኩ በኋላ ደግሞ እትዬ ምርቃት ጀመሩ። እግዚአብሔርን አመሰገኑ፣ ማርያምን አመሰገኑ፣ ቄሱን፣ ሙሴን፣ ብቅሉን ያበቀለችውን፣ ዝናቡን ያዘነበውን ሁሉ አመሰገኑ። «ለእሱ ሰጥቼው፣ እሱ ራሱ ከቀበሌ አወጣልኝ» አሉ። ሁሉም «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልኩ።

እያልኩ ግን በሆዴ ቆጠርኩ። አንድ ወር ሙሉ በጠዋት እየተነሣሁ ጎመኔን ሳልሸጥ እያሳደርኩ፣ ጫማዬን ጨርሼ፣ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ ከቀበሌ ያወጣው እሱ ራሱ ሆነ? ይሁን፣ እሱ ነው። አምናለሁ። ግን እግሩ የማን ነበር?

እትዬ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ በራሳቸው እጅ አስረከቡ። ሌላ ተራ አልደረሳቸውም፤ ያን ወር ሳይሞላ አርፈዋል። ያን ቀን ግን ደስታቸው ሙሉ ነበር። ይህም ይመዝገብ።

ሰው ሲበተን ከዳቦው ቆርሼ፣ ጠላም በጣሳ ቀድቼ፣ ግቢውን ተሻግሬ ጓድ በር ላይ ቆምኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጧል። በዚያች ቀጭን የጭቃ ግድግዳ ምርቃቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶታል።

«የተባረከ ነው፤ ካስጠላህ ቡራኬውን ትተህ ዳቦውን ብቻ ብላ» አልኩት።

ተቀበለኝ። ቆረሰና በላ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እኔም ተኮሳትሬ ነበር መሰለኝ፣ ዘወር ብሎ አየኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

«አንቺንም አላመሰገኑሽም፣ አይደል?»

«ነገር አትፈልግ፤ ጥያቄዬን መልስ። ተመዝግቧል ብለኸኝ ነበር። የሌለው ምን አደረገህ?»

ጠላውን ጎንጨት አለና ጣሳውን በጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ቤታቸውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ» አለ። «መጥተው ይሰድቡኛል፣ ይከሱኛል፣ ምላሼን አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። ለእሱ ሰጡኝ። ውሃ ስቀዳላቸው እሱን አመሰገኑ። ጽዋውን ወሰድኩ፤ እንደገና ለእሱ ሰጡኝ። መለስኩላቸው፤ እሱ መለሰልኝ አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ግቢ ስንኖር፣ ክፉም ሆነ ደግ፣ በእሳቸው ዘንድ የአንድም ነገር አድራጊ እኔ ሆኜ አላውቅም። እሱ የለም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እማማ ቤት ግን የሌለሁት እኔ ነኝ፣ ጓዲት። አንድ ቀን እንኳ ዓይኔን እያዩ ‹አንተ ሌባ፣ ቤቴን መልስ› ቢሉኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያህል ያማትቡ ነበር፤ እኔን ምን ገዶኝ!»